የጥርስ ኢንሹራንስ ወረቀት ምን እያለ ነው?

ከጥርስ ሐኪም ዘንድ ከተመለሱ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ፖስታ ይመጣል። ሲከፍቱት ሠንጠረዥ ነው፤ ቁጥር በቁጥር ላይ ተደርድሯል። ከላይ በጎላ ፊደል «ይህ የክፍያ መጠየቂያ አይደለም» ይላል። ከታች ግን «የእርስዎ ድርሻ» የሚል ዓምድ አለ፤ ከሥሩ የተጻፈው ገንዘብም ቀላል አይደለም። ታዲያ ክፈሉ ነው የሚለው ወይስ አትክፈሉ?

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ እናቶችና አባቶች ይህን ወረቀት ይዘው እንግሊዝኛ የሚያነብላቸው ልጅ ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አንዳንዴ ያ ልጅ እኔ ነበርኩ። አንዲት እናት ወረቀቱን ባዩበት ዕለት ደንግጠው ቼክ ጽፈው ልከዋል፤ ያውም ለሐኪሙ ሳይሆን ለኢንሹራንሱ። ችግሩ ግን የቋንቋ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ተወልዶ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰውም ሦስት ጊዜ አንብቦት ግራ ይጋባል። ቃላቱ የተለመዱ ይመስላሉ፤ የሚሠሩት ግን ሌላ ሥራ ነው።

ወረቀቱ ራሱ ምንድን ነው?

በአጭሩ «ኢ.ኦ.ቢ.» ይባላል። ኢንሹራንሱ የከፈለውንና ያልከፈለውን ለእርስዎ የሚያሳውቅበት መግለጫ ነው። አራት ነገር ይፈልጉበት፤ ሐኪሙ የጠየቀውን ዋጋ፣ ኢንሹራንሱ የተቀበለውን ዋጋ፣ ኢንሹራንሱ የከፈለውን፣ ለእርስዎ የቀረውን። እውነተኛው ሂሳብ የሚመጣው ከሐኪሙ ቤት ነው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። ሐኪሙ የጠየቀዎት ገንዘብ መግለጫው ላይ ካለው «የእርስዎ ድርሻ» ከበለጠ፣ ከመክፈልዎ በፊት ስልክ መደወል ተገቢ ነው።

ኢንሹራንስ ከሆነ፣ ትልቁ ሕመም ሲመጣ ለምን ይሸሻል?

የብዙ ሰው ግራ መጋባት የሚጀምረው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

የጤና ኢንሹራንስ በዓመት ውስጥ ከኪስዎ ለሚወጣው ገንዘብ ጣሪያ ያበጃል። ያ ጣሪያ ከተነካ በኋላ ቀዶ ሕክምናም ይሁን ሆስፒታል መተኛት፣ በውሉ ውስጥ ያለውን ወጪ ኢንሹራንሱ ይሸከማል። የጥርሱ ተገልብጦ የተሠራ ነው። ጣሪያው የተበጀው ለእርስዎ ወጪ ሳይሆን ለኢንሹራንሱ ወጪ ነው። «አኑዋል ማክሲመም» የሚባለው እሱ ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ኢንሹራንሱ ከዚህ በላይ አልከፍልም የሚልበት ልክ። በብዙ ውሎች ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ነው። ከሃምሳ ዓመት ገደማ በፊትም የተለመደው ልክ 1,000 ዶላር ነበር። የእንጀራም የቤት ኪራይም ዋጋ የት እንደደረሰ ለሚያውቅ ሰው ይህ ብቻውን ብዙ ይናገራል።

የዚህ ምክንያቱ አጀማመሩ ነው። የአሜሪካ የጥርስ መድን የተጸነሰው በ1954 በምዕራቡ ጠረፍ ነው፤ የወደብ ሠራተኞች ማኅበር ለአባላቱ ልጆች የጥርስ ሕክምና እንዲሰጥ ከአሠሪዎች ጋር ተስማማ። ዛሬ ዴልታ ዴንታል በሚል ስም የሚታወቁት ድርጅቶች ከዚያ የበቀሉ ናቸው። የተፈለገው ሰው ጥርሱን በየጊዜው እንዲያሳይ ነበር እንጂ ከድንገተኛ ጥፋት መከላከል አልነበረም። ቤት የሚቃጠለው ከብዙዎች የአንዱ ነው፤ የብዙዎቹ መዋጮ ያንን አንዱን ያነሣዋል። ጥርስ ግን ሁላችንም አለን፤ ጥርሱን አንድ ቀን የማያመው ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ የመኪና ኢንሹራንስን ትተው እድርን ያስቡ። ለቅሶው ቢሰፋም ቢጠብም እድር የሚሰጠው በመተዳደሪያ ደንቡ የተጻፈውን ያህል ነው። የጥርስ ኢንሹራንስም ደንብ ያለው መዋጮ ነው። በየወሩ የሚከፍሉት «ፕሪሚየም» በአማርኛ ዓረቦን የምንለው ነው፤ ሐኪም ጋ ሄዱም አልሄዱም ይከፈላል።

100፣ 80፣ 50 የሚሉት ቁጥሮች ምንድን ናቸው?

አብዛኛው ውል ሕክምናን በሦስት መደብ ይከፍላል። መከላከያ የሚባለው ምርመራ፣ ኤክስሬይና እጥበት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ኢንሹራንሱ 100 በመቶ ይከፍላል። መሠረታዊ የሚባለው እንደ ጥርስ ማስሞላትና መንቀል ያለው ነው፤ 80 በመቶ። ከባድ የሚባለው ክራውን (በጥርስ ላይ የሚደፋ ቆብ)፣ ብሪጅ (የጎደለን ጥርስ ከጎረቤቶቹ ጋር አያይዞ የሚተካ)፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው፤ 50 በመቶ። ቀሪውን 20 ወይም 50 በመቶ እርስዎ ሲከፍሉ ያ «ኮኢንሹራንስ» ይባላል። መቶኛው ቀርቶ ቁርጥ ያለ ገንዘብ፣ ለምሳሌ 20 ዶላር፣ ከተባሉ ያ «ኮፔይ» ነው። «ዲዳክተብል» ደግሞ ኢንሹራንሱ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት እርስዎ ቀድመው የሚከፍሉት የዓመት መነሻ ነው፤ በብዛት ለአንድ ሰው 50 ዶላር። ለመከላከያው መደብ አብዛኛውን ጊዜ አይጠየቅም።

በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹን የመረጥኩት ለስሌት እንዲመቹ ነው። የዓመት ጣሪያዎ 1,500 ዶላር ነው። በዓመቱ ውስጥ ሁለት እጥበትና ኤክስሬይ 300 ዶላር ፈጀ፤ ኢንሹራንሱ ሁሉንም ከፈለ። ከዚያ መንጋጋ ጥርስዎ ታመመና ሩት ካናል ታዘዘልዎ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልግለጽ። በአገራችን «ጥርሴን ትል በላው» ይባላል፤ ትል ግን የለም። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲመገቡ አሲድ ያመርታሉ፤ አሲዱ ጠንካራውን የጥርስ ሽፋን ያሟሟዋል። ጉድጓዱ እየጠለቀ ነርቭና የደም ሥር ካለበት ለስላሳ ክፍል ሲደርስ ሌሊት የሚያስነሣው ሕመም ይመጣል። ሩት ካናል ማለት ያንን የታመመ ክፍል አውጥቶ፣ የሥሩን ቦይ አጽድቶ መድፈን ነው፤ ጥርሱ አይነቀልም። ሆኖም ጉድጓድ የበዛበትና የተቦረቦረ መንጋጋ በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ከላይ እንደ ቆብ የሚደፋ ክራውን ይሠራለታል። ሰዎች «አንድ ጥርስ ነው፣ ለምን ሁለት ጊዜ አስከፈሉኝ?» የሚሉት እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሥራ ስለሆነ ነው።

ወደ ሂሳባችን እንመለስ። ሩት ካናሉ 1,000 ዶላር ቢሆን 50 ዶላር ዲዳክተብል ይቀነሳል፤ ከቀረው 950 ኢንሹራንሱ 80 በመቶውን፣ ማለትም 760 ይከፍላል። ክራውኑም 1,000 ቢሆን ግማሹ 500 ነው። 300 ሲደመር 760 ሲደመር 500፣ 1,560 ይመጣል፤ ከጣሪያው በ60 ዶላር አለፈ። ያ 60 ዶላር ወደ እርስዎ ይዞራል። በጠቅላላው ኢንሹራንሱ 1,500፣ እርስዎ 800 ዶላር ከፈላችሁ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሌላ ጥርስ ቢታመም ሙሉ ወጪው የእርስዎ ነው። አንዳንድ ውሎች ሩት ካናልን ከመሠረታዊ አውጥተው ከባድ ውስጥ ይጨምሩታል፤ ያኔ ሂሳቡ ይብሳል። ውል ሲመርጡ ከዓረቦኑ ቀጥሎ መታየት ያለበት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኔትወርክ ውስጥ ያለ ሐኪም ለምን ይረክሳል?

ከኢንሹራንሱ ጋር ስለተዋዋለ ነው። ሐኪሙ ለክራውን የሚጠይቀው 1,400 ዶላር ቢሆንም በውሉ ላይ 1,000 ዶላር እቀበላለሁ ብሎ ፈርሟል። ኢንሹራንሱ 500 ይከፍላል፣ እርስዎ 500 ይከፍላሉ፣ 400 ዶላሩ ይሰረዛል። ያልተዋዋለ ሐኪም ጋ ከሄዱ ግን ኢንሹራንሱ «በዚህ አካባቢ የተለመደው ዋጋ 1,000 ነው» ብሎ ያንኑ 500 ሊሰጥ ይችላል፤ 900 ዶላሩ ከኪስዎ ይወጣል። «ኢንሹራንስዎን እንቀበላለን» የሚለው አነጋገር ኔትወርክ ውስጥ ነን ማለት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። መጠየቅ ያለብዎት «ከዚህ ዕቅድ ጋር ውል አላችሁ ወይ?» ብለው የዕቅዱን ስም ጠርተው ነው።

እስካሁን የተናገርኩት «ፒፒኦ» ስለሚባለው ዓይነት ነው። «ኤችኤምኦ» የሚባለው ከዚህ ይለያል፤ ዓረቦኑ ዝቅ ይላል፣ አብዛኛውን ጊዜ የዓመት ጣሪያ የለውም፣ ነገር ግን የሚታከሙት በተመደበልዎ ሐኪም ዘንድ ብቻ ነው። የቅናሽ ካርድ የሚባለው ደግሞ ጨርሶ ኢንሹራንስ አይደለም፤ ዋጋ ያስቀንሳል እንጂ ምንም አይከፍልልዎትም።

ለእጥበት ሄጄ ለምን «ዲፕ ክሊኒንግ» ታዘዘልኝ?

ይህ ጥያቄ ቁጣም አለበት። እኔም ተቆጥቼበታለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጥርሴን ለማሳጠብ አንድ አዲስ ክሊኒክ ገባሁ። ያለ ክፍያ ታጥቤ እወጣለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ አፌ በአራት ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ሩብ ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት ተሰጠኝ። አልፈረምኩም፤ እያጉረመረምኩ ወጣሁ። በኋላ ሌላ ሐኪም ዘንድ ስሄድ እውነቱ መሃል ላይ ተገኘ፤ ሁለቱ ሩቦች በእርግጥ ያስፈልጋቸው ነበር፣ ሁለቱ ግን አያስፈልጋቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድድ ጥርሱን እንደ ሸሚዝ አንገት ያቅፈዋል፤ በመሃላቸው ጠባብ ኪስ አለ። የጽዳት ባለሙያዋ ቀጭን መለኪያ እያስገባች «ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት» ስትል የምትቆጥረው የዚያን ኪስ ጥልቀት በሚሊሜትር ነው፤ በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ ስድስት ቦታ ትለካለች። ከ1 እስከ 3 ጤና ነው። 4 ማስጠንቀቂያ ነው። ከ5 ወዲያ ሲሆንና ኤክስሬዩ ላይ ጥርሱን የያዘው አጥንት ዝቅ ብሎ ሲታይ፣ ጠንክሮ እንደ ድንጋይ የሆነው ቆሻሻ ከድዱ ሥር ገብቷል ማለት ነው። መደበኛው እጥበት የሚደርሰው በዋናነት ከድድ በላይ ነው። ከድድ ሥር ያለው ግን በማደንዘዣ፣ ሥሩ ድረስ ወርዶ መፋቅን ይጠይቃል፤ ዲፕ ክሊኒንግ የሚሉት ይህን ነው።

በሂሳብ ወረቀቱም ላይ ይለያያሉ። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ለእያንዳንዱ ሥራ መለያ ቁጥር ሰጥቷል፤ ሁሉም በ«ዲ» ፊደል ይጀምራል። መደበኛው የአዋቂ እጥበት ዲ1110 ነው። በአንድ ሩብ ውስጥ አራትና ከዚያ በላይ ጥርስ ላይ የሚሠራው ጥልቅ ፍቀት ዲ4341 ነው፤ በመከላከያ መደብ ስለማይቆጠር ከኪስዎ ይነካል። ከዚያ በኋላ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ ዲ4910 የተባለ የድድ ክትትል ይቀጥላል፤ ይህን ያህል ቀጠሮ ሁሉም ኢንሹራንስ አይሸፍንም። ዲፕ ክሊኒንግ ከታዘዘልዎ ሳይቆጡ፣ ግን ሳይፈሩም፣ «የኪሶቼን ቁጥርና አጥንቴ የቀነሰበትን ኤክስሬይ ያሳዩኝ» ይበሉ። የኤክስሬይዎንና የመዝገብዎን ግልባጭ ወስዶ ሌላ ሐኪም ማማከር በሕግ የተሰጠዎት መብት ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር፤ የጥርስ ቁጥር። አሜሪካኖች የአዋቂን ጥርስ ከ1 እስከ 32 በተከታታይ ይቆጥሩታል። በብዙው ዓለም ግን በሁለት አኃዝ ነው፤ የመጀመሪያው የአፉን ሩብ፣ ሁለተኛው ጥርሱን ያመለክታል። ስለዚህ ከሌላ አገር የመጣ ሰነድ 46 ካለና አሜሪካዊው ሐኪም 30 ካለ አይደንግጡ፤ ያው የቀኝ ታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ነው።

ነጭ ሙሌት ተሠራልኝ፤ ኢንሹራንሱ ለምን የብርማውን ዋጋ ከፈለ?

በእንግሊዝኛው «ዳውንግሬድ» ይሉታል። ሁለት መንገድ ሲኖር ኢንሹራንሱ በርካሹ ያሰላል። ብርማው ሙሌት አማልጋም ነው፤ ግማሹ ያህል ሜርኩሪ፣ ቀሪው ብር፣ ቆርቆሮና መዳብ። ነጩ ዋጋው ከፍ ስለሚል ልዩነቱን እርስዎ ይችሉታል፤ በተለይ ለኋላ ጥርሶች።

ኢንሹራንስ ከመግባቴ በፊት የተነቀለ ጥርስስ?

አሁንም እድሩን ያስቡ። እድር ከመግባትዎ በፊት ለነበረ ለቅሶ ድንኳን አይተክልም። የብዙ ውል «ሚሲንግ ቱዝ ክሎዝ» ይኸው ነው፤ ጥርሱ የተነቀለው ውሉ ከመጀመሩ በፊት ከሆነ፣ በቦታው ለሚተከለው ኢምፕላንት ወይም ብሪጅ አይከፈልም። ከአገር ቤት ጥርስ ጎድሎት የመጣ ሰው በዚህ አንቀጽ ብዙ ይጎዳል። አዲስ የእድር አባል ጥቂት ወራት እንደሚጠብቀው ሁሉ «ዌይቲንግ ፔሪየድ» አለ፤ ለከባድ ሥራዎች ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት። ተጨማሪም አለ፤ ክራውን ከተሠራ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ዓመት ሳይሞላው እንደገና ቢሠራ አይከፈልም።

የስምጥ ሸለቆ ልጆችን የሚመለከት ነገርም ልንገራችሁ። ወንጂና ዝዋይ አካባቢ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ የሚሆነው ስላልፋቀ አይደለም። በልጅነቱ የጠጣው የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ በዝቶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በአሜሪካ ጥርስን ለማጠንከር ፍሎራይድ ለሚጨመርበት የቧንቧ ውሃ የሚመከረው ልክ 0.7 ነው። ያው ንጥረ ነገር በልኩ መድኃኒት፣ ሲበዛ እድፍ። ኢንሹራንሱ ግን ቡናማውን ጥርስ በስስ ቅርፊት ማስሸፈንን «ኮስሜቲክ» ብሎ ይመድበዋል፤ ማስዋብ ማለት ነው፤ አይከፍልም። ጥርሱ ቀለሙን ከመለወጥ አልፎ ከተሸረፈ ግን ጉዳዩ የማዕድን ማነስና የጥርስ ጉዳት ነው ተብሎ በሐኪሙ ማስረጃ ሊቀርብ ይችላል፤ መሞከር አያስከፍልም።

ባልና ሚስት ሁለት ኢንሹራንስ ቢኖረን ለልጁ የትኛው ይቀድማል?

«የልደት ቀን ደንብ» የሚባል አለ። በዓመቱ ውስጥ የልደቱ ወርና ቀን የሚቀድመው ወላጅ ኢንሹራንስ መጀመሪያ ይከፍላል፤ በዕድሜ ማን ይበልጣል የሚለው አይታይም። በስደት ገብተን የልደት ቀናችን በወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 የሆነብን ሰዎች በዚህ ደንብ ሁልጊዜ ቀዳሚ ነን። ሁለቱም ወላጆች ጃንዋሪ 1 ከሆኑ? ለእሱም መልስ አለው፤ ረዘም ላለ ጊዜ የቆየው ውል ይቀድማል።

ሜዲኬርና ሜዲኬይድ ጥርስን ይሸፍናሉ?

በ1965 የወጣው የሜዲኬር ሕግ ተራውን የጥርስ ሕክምና አስወጥቶታል። ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ወላጆቻችን ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ መስመር ያለውን ካርድ ይዘው ጥርስ ሐኪም ጋ ሄደው የሚመለሱት ለዚህ ነው። በግል ድርጅቶች በኩል የሚሰጠው «ሜዲኬር አድቫንቴጅ» ብዙ ጊዜ የተወሰነ የጥርስ ጥቅም ይጨምራል፤ ጣሪያው ስንት እንደሆነ መጠየቅ ነው።

አፍ ከአካል የተለየው ግን ከሕጉ በፊት ነው። በ1840 ባልቲሞር ከተማ በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ከሕክምና ትምህርት ቤት ተነጥሎ። ትምህርቱ ተለየ፣ ክሊኒኩ ተለየ፣ መድኑም ተከትሎ ተለየ። የዚህን ክፍፍል ዋጋ ሜሪላንድ ራሷ አይታዋለች። በ2007 አንድ የ12 ዓመት ልጅ የጥርሱ ኢንፌክሽን ወደ አንጎሉ ተዛምቶ ሞተ። ጥርሱን ማስነቀል 80 ዶላር ገደማ ይፈጅ ነበር።

ሜዲኬይድ ለአነስተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ነው፤ ዕድሜያቸው ከ21 በታች ለሆኑት በሁሉም ስቴት የጥርስ ሕክምና መስጠት ግዴታ ነው። የአዋቂዎቹን እያንዳንዱ ስቴት ይወስናል። ቨርጂኒያ ከጁላይ 2021፣ ሜሪላንድ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ለአዋቂዎች ሰፋ ያለ የጥርስ ሽፋን ይሰጣሉ። ይህን ሳያውቁ ጥርሳቸውን በፓራሲታሞል የሚያስታግሱ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ጎረቤት ይጠይቁ።

ከመፈረሜ በፊት ዋጋውን ማወቅ እችላለሁ?

ይችላሉ። ሐኪሙ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ዕቅዱን ለኢንሹራንሱ ልኮ ግምት እንዲያስመጣልዎ ይጠይቁ፤ «ፕሪ-ትሪትመንት ኤስቲሜት» ይባላል። ግምት ነው እንጂ የመክፈል ዋስትና አይደለም፤ በመሃል ጣሪያዎ ቢያልቅ ወይም ውሉ ቢቋረጥ ይለወጣል። ቢሆንም የሚያስቸኩል ሕመም ከሌለ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ያዋጣል።

ሥራው ብዙ ከሆነና ጣሪያው ካነሰ ደግሞ ሥራውን በሁለት ዓመት ከፋፍሎ ማሠራት ይቻላል፤ ግማሹን በዲሴምበር፣ ግማሹን ጣሪያው በሚታደስበት በጃንዋሪ። አንድ ወጥመድ ግን አለው። ክራውን ሁለት ቀጠሮ ይፈልጋል፤ በመጀመሪያው ጥርሱ ይሞረዳል፣ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ክራውኑ ይለጠፋል። ብዙ ኢንሹራንሶች የሚከፍሉት በተለጠፈበት ቀን ነው፤ አንዳንዶቹ ግን በተሞረደበት። ስለዚህ በዲሴምበር አጋማሽ ቀጠሮ ሲይዙ በእንግዳ መቀበያው ያለችውን ሠራተኛ «ሂሳቡን የምትልኩት በየትኛው ቀን ነው?» ብለው ይጠይቋት፤ የነገረችዎትንም ቀን በወረቀት ጽፋ እንድትሰጥዎ ያድርጉ።